ስለ እንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ዓይነቶች፦ ከሻኪሶ የክረምት ትምህርት የተገኘ ማስታወሻ

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ ሻኪሶ የተመለስን ጥቂት የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች፣ ጊዜያችንን በከንቱ ከምናሳልፍ ብለን፣ በመጪው ዓመት ዘጠነኛ ክፍል ለሚገቡ ልጆች የእንግሊዝኛ ትምህርት ለመስጠት ተስማማን። ልጆቹ ሃያ ያህል ነበሩ። አንድ ክፍል፣ አንድ ጥቁር ሰሌዳና ጥቂት ጠመኔ በልመና ተገኘ። ልናስተምር የመረጥነው ነገር ከባድ አልነበረም፤ «የዓረፍተ ነገር ዓይነቶች» የሚባለው ነው። ይሁን እንጂ አስተማሪ ነን ብለን የገባነው እኛ፣ ከልጆቹ ይልቅ ተምረን ወጣን። የተማርነውም ለመጽሔታችን አንባቢዎች፣ በተለይም በሚቀጥለው ክረምት ወደየአገራቸው ሄደው ታናናሾቻቸውን ለማስተማር ለሚያስቡ ወንድሞችና እኅቶች ይጠቅም ይሆናል ስንል፣ ከዚህ እንደሚከተለው ጽፈነዋል።

ምሳሌዎቹን ሁሉ፣ እንግሊዝኛውንም ኦሮምኛውንም፣ በፊደላችን ጽፈናቸዋል። አንባቢ ጮክ ብሎ ቢያነባቸው ጆሮው ያውቃቸዋል። ኦሮምኛን በዚህ ፊደል መጻፍም አዲስ ነገር አይደለም፤ ኦነሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1899 ያሳተሙት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በዚሁ ፊደል የተጻፈ ነው።

ሀ. ነገሩ ስለ ምን ያሳስበናል?

ሻኪሶ በጉጂ ዞን፣ ከአዶላ ብዙም ሳትርቅ የምትገኝ ከተማ ናት። አገር የሚያውቃት በለገ ደንቢ ወርቅና በቡናዋ ነው። የከተማዪቱ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በቤቱ ኦሮምኛ ይናገራል፤ በገበያና በመንገድ አማርኛ ይሰማል፤ በትምህርት ቤት ደግሞ እንግሊዝኛ ይጠብቀዋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ የሁለተኛ ደረጃው በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ስለ ደነገገ፣ የኦሮሚያ ልጅ እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ሒሳቡንም ሳይንሱንም በኦሮምኛ ይማራል። እንግሊዝኛን የሚያገኘው እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ ነው። ዘጠነኛ ክፍል በገባ ማግስት ግን ፊዚክሱም፣ ታሪኩም፣ ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል።

ይህ ችግር የዛሬ ብቻ አይደለም። በ1950ዎቹ ዓመታት አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ከሆነ በኋላ፣ ተማሪው ሰባተኛ ክፍል ሲደርስ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገር ነበር። መሻገሪያው ከሰባተኛ ወደ ዘጠነኛ ተዛወረ እንጂ ወንዙ ያው ነው።

በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተቀመጡት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ሆኑ። የዚህ ሁሉ ውድቀት ምክንያት እንግሊዝኛ ነው ብለን አንከራከርም፤ ብዙ ምክንያት አለው። ነገር ግን የፊዚክሱ ጥያቄም የሚቀርበው በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ስለሆነ፣ ዓረፍተ ነገሩ ያልተፈታለት ተማሪ ፊዚክሱን ቢያውቀውም እንኳ ዕውቀቱን የሚያሳይበት በር ተዘግቶበታል።

ለ. አንዲት ተማሪ የጠየቀችን ጥያቄ

በመጀመሪያው ቀን እንደ ተማርነው አስተማርን። «ዓረፍተ ነገር በአራት ይከፈላል» ብለን ስማቸውን በሰሌዳ ጻፍን፤ ትርጓሜያቸውን አስገለበጥን። በማግስቱ ስንጠይቃቸው ሁሉም በቃላቸው ወረዱት። እጅግ ደስ አለን። ከዚያም «እስቲ ትናንት በቤታችሁ የሆነውን አንድ ነገር በእንግሊዝኛ ጻፉ» ብንላቸው፣ ከሃያው ወረቀት በአሥራ አራቱ ግሱ ከመጨረሻ ተቀምጦ አገኘነው። «ማይ ብራዘር ጎት ሶልድ» ብለው ጽፈዋል፤ ይኸውም «ወንድሜ ፍየል ሸጠ» ማለታቸው ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለካ ለእኛም ኖሯል! ስሙን ሁሉ አስጠመጠምናቸው እንጂ ነገሩን አላስተማርናቸውም ነበር።

ስሕተቱን በቀይ ቀለም እያረምን ሳለ አንዲት ልጅ እጅዋን አነሣች። እንዲህ አለችን፦ «በአማርኛ ‹ቶላን› ሲባል ቶላ ተሳቢ ነው፤ ‹ቶላን ጠራሁት› ይባላል። በቤታችን ግን ‹ቶላን ሬኤ ጉርጉሬ› ስንል ፍየሉን የሸጠው ቶላ ራሱ ነው። እንግሊዝኛው ‹ን›ን የሚያስቀምጠው ከየትኛው ላይ ነው?»

እውነቱን ለመናገር በዚያ ቀን መልስ አልነበረንም። ልጅቱ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰዋስው ስንማር ያላስተዋልነውን ነገር ነው ያየችው። ማታ ተሰብስበን ተወያየንና በማግስቱ እንዲህ ስንል መለስንላት።

ሦስቱም ቋንቋዎች «ማን አደረገ? በማን ላይ ተደረገ?» የሚለውን መለየት አለባቸው። አማርኛ የታወቀውን ተሳቢ በ«ን» ምልክት ያደርግበታል፦ «ቶላ ፍየሉን ሸጠ»። ምልክቱ ስላለ «ፍየሉን ቶላ ሸጠ» ብንልም ሻጩ አይለወጥም። ኦሮምኛ ደግሞ በተቃራኒው ባለቤቱን ምልክት ያደርግበታል፦ «ቶላን ሬኤ ጉርጉሬ»፤ ሴት ስትሆን «ጫልቱን ሬኤ ጉርጉርቴ»። ያው «ን» በአንዱ ቋንቋ የተሳቢ፣ በሌላው የባለቤት ምልክት ሆኖ ያገለግላል። እንግሊዝኛ ግን ለስሞች ይህን የመሰለ ምልክት የለውም። የእንግሊዝኛ «ን» ቦታ ነው። ከግሱ በፊት የተቀመጠው ስም ባለቤት፣ ከግሱ በኋላ የተቀመጠው ተሳቢ ነው።

«ቶላ ሶው ጫልቱ» ማለት ቶላ ጫልቱን አየ ማለት ነው። «ጫልቱ ሶው ቶላ» ብንል ያየችው ጫልቱ ሆነች። አንድም ፊደል አልተጨመረም፤ ቦታ ብቻ ተለወጠ። ስለዚህ በአማርኛና በኦሮምኛ ግስን ከመጨረሻ ማስቀመጥ የለመደ ልጅ በእንግሊዝኛም እንዲሁ ሲያደርግ፣ ያጠፋው የአጻጻፍ ውበትን ሳይሆን የነገሩን መለያ ራሱን ነው። ይህን ከነገርናቸው በኋላ ግሱን ወደ መካከል ማምጣት ትእዛዝ መሆኑ ቀርቶ ምክንያት ያለው ነገር ሆነላቸው።

ሌላም ልዩነት አለ። በአማርኛ «ሸጠ» የምትል አንዲት ቃል ሙሉ ዓረፍተ ነገር ናት፤ ባለቤቱ በግሱ ውስጥ አለና። በእንግሊዝኛ «ሶልድ» ብሎ ዝም ማለት አይቻልም። «ሂ ሶልድ ኢት» ተብሎ ሻጩም የተሸጠውም በየቦታቸው መቀመጥ አለባቸው። ባለቤት የሚሆን ነገር ቢጠፋ እንኳ እንግሊዝኛ ቦታውን ባዶ ስለማይተው «ኢት» የምትለውን ያስቀምጥበታል። «ኢት ኢዝ ሬይኒንግ» ሲባል «ኢት» ማንንም አታመለክትም፤ ወንበሩን ብቻ ትጠብቃለች።

ሐ. የዓረፍተ ነገር መሠረታዊ ቅርጾች

ዓይነቶቹን ከመዘርዘራችን በፊት አጥንቱን ማየት ይጠቅማል። በትምህርት ቤት መጻሕፍት የተለመዱት ቅርጾች አምስት ናቸው፤ ቦታና ሁኔታ አመልካች የግድ የሚያስፈልጋቸውን ለይተው የሚቆጥሩ ሊቃውንት፣ ለምሳሌ ራንዶልፍ ኳይርክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ትልቅ የሰዋስው መጽሐፍ፣ ሰባት ያደርሷቸዋል። እነሱም፦

1. ባለቤትና ግስ፤ «ዘ ቤቢ ስሌፕት» (ሕፃኑ ተኛ)።
2. ባለቤት፣ ግስና ተሳቢ፤ «ቶላ ሶልድ ኤ ጎት» (ቶላ ፍየል ሸጠ)።
3. ባለቤት፣ ግስና ማሟያ፤ «ቶላ ቢኬም ኤ ቲቸር» (ቶላ አስተማሪ ሆነ)። አስተማሪው ሌላ ሰው ሳይሆን ቶላ ራሱ ስለሆነ ተሳቢ አይባልም።
4. ባለቤት፣ ግስና ሁለት ተሳቢ፤ «ቶላ ጌቭ ጫልቱ ኤ ቡክ» (ቶላ ለጫልቱ መጽሐፍ ሰጠ)። ተቀባይዋ ከመጽሐፉ ስትቀድም «ለ»ን የሚተካ ቃል የለም፤ መጽሐፉ ሲቀድም ግን «ቶላ ጌቭ ኤ ቡክ ቱ ጫልቱ» ይባላል።
5. ባለቤት፣ ግስ፣ ተሳቢና የተሳቢው ማሟያ፤ «ዜይ ሜድ ቶላ ቼርማን» (ቶላን ሊቀ መንበር አደረጉት)።
6. ባለቤት፣ ግስና ቦታ አመልካች፤ «ቶላ ሊቭስ ኢን ሻኪሶ» (ቶላ በሻኪሶ ይኖራል)።
7. ባለቤት፣ ግስ፣ ተሳቢና ቦታ አመልካች፤ «ጫልቱ ፑት ዘ ቡክ ኦን ዘ ቴብል» (ጫልቱ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች)።

በሰባቱም ውስጥ ባለቤቱ በመጀመሪያ፣ ግሱ ቀጥሎ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

መ. ዓይነቶቹ በተግባራቸው

ዓረፍተ ነገር ለምን ተነገረ ብለን ስንጠይቅ አራት ዓይነት እናገኛለን።

የመጀመሪያው ሐተታዊ ነው። አንድን ነገር ይናገራል፤ ወይም ሆነ ይላል፤ ወይም አልሆነም ይላል። «ቶላ ሶልድ ኤ ጎት» ሐተታዊ ነው። «ቶላ ዲድ ኖት ሴል ኤ ጎት» አሉታዊ ቢሆንም ያው ሐተታዊ ነው።

ሁለተኛው መጠይቃዊ ነው። አማርኛ «ቶላ ፍየል ሸጠ?» ብሎ በድምፅ ብቻ ይጠይቃል፤ ሲያሻው «ወይ» ይጨምራል። የቃላቱ ተራ አይናጋም። እንግሊዝኛ ግን መጠየቅ ሲፈልግ ቦታ ያናጋል፤ ረዳት ግስ ከባለቤቱ በፊት ይወጣል። «ቶላ ኢዝ ኤ ቲቸር» የሚለው «ኢዝ ቶላ ኤ ቲቸር?» ይሆናል። ረዳት ግስ የሌለ እንደ ሆነ «ዱ» ወይም «ዲድ» በተውሶ ትመጣለች፦ «ዲድ ቶላ ሴል ኤ ጎት?» እዚህ ላይ ልጆቻችን ሁሉ «ዲድ ቶላ ሶልድ» እያሉ ይሳሳቱ ነበር። ደንቡ ቀላል ነው፤ ያለፈው ጊዜ የሚነገረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «ዲድ» ያለፈውን ጊዜ ከተሸከመች ዋናው ግስ ሸክሙን አውርዶ «ሴል» ሆኖ ይቀራል።

«ዋት»፣ «ዌር»፣ «ዌን» እና የመሳሰሉት የጥያቄ ቃላት ከሁሉ ይቀድማሉ፦ «ዋት ዲድ ቶላ ሴል?» የሚጠየቀው ባለቤቱ ራሱ ሲሆን ግን ቦታው ስለማይናጋ «ዲድ» አትመጣም። «ሁ ሶልድ ዘ ጎት?» (ፍየሉን ማን ሸጠ?) እና «ሁ ዲድ ቶላ ሲ?» (ቶላ ማንን አየ?) የሚሉትን ያነጻጽሯል። በአማርኛ «ማን»ንና «ማንን» የለየችው ያችው «ን» ስትሆን፣ በእንግሊዝኛ የለያቸው የቃላቱ ተራ ነው።

ሦስተኛው ትእዛዛዊ ነው። እንግሊዝኛ ባለቤቱን ሳይጠራ የሚናገርበት ዋናው ዓይነት ይህ ነው፦ «ካም ሂር»፣ «ዱ ኖት ኢንተር»። በግልጽ ባይጠራም ባለቤቱ «አንተ» ወይም «እናንተ» መሆኑ የታወቀ ነው። ልጆቹ ከዚህ ላይ በጣም ተገረሙ። እኛ ለታናሽ ወንድም «ና»፣ ለእኅት «ነይ»፣ ለብዙ ሰው «ኑ»፣ ለአዛውንት «ይምጡ» እንላለን። እንግሊዝኛ ለአራቱም «ካም» ብቻ ነው ያለው። «ታዲያ ለአባቴም ‹ካም› ልበል?» ብሎ አንዱ ጠየቀ። እንግሊዞች አክብሮትን ያጡ ሆነው አይደለም፤ አክብሮቱን በግሱ ላይ ሳይሆን በሌላ ቃል ይገልጡታል። «ፕሊዝ» ይጨምራሉ፤ ወይም ትእዛዙን ወደ ጥያቄ ይለውጡታል፦ «ኩድ ዩ ካም ሂር፣ ፕሊዝ?» ይህ በቅርጹ መጠይቃዊ ቢሆንም በሐሳቡ ልመና ነው። ስለዚህ ቅርጽና ሐሳብ ሁልጊዜ አብረው እንደማይሄዱ መገንዘብ ያሻል።

አራተኛው አጋናኝ ነው። መደነቅን፣ ደስታን ወይም ኀዘንን ይገልጣል፤ «ዋት» ወይም «ሃው» ብሎ ይጀምራል። «ሃው ዲፕ ዘ ፒት ኢዝ!» ማለት ጉድጓዱ እንዴት ጥልቅ ነው! ብሎ መደነቅ ነው። «ሃው ዲፕ ኢዝ ዘ ፒት?» ግን የጉድጓዱ ጥልቀት ምን ያህል ነው? የሚል ጥያቄ ነው። ቃላቱ አንድ ዓይነት ናቸው። አጋናኙ ባለቤቱን ከግሱ ያስቀድማል፤ ጠያቂው ግሱን ያስቀድማል። እንግዲህ ቦታ ምን ያህል ሥራ እንደሚሠራ ከዚህ ይታያል።

ሠ. ዓይነቶቹ በአሠራራቸው

ዓረፍተ ነገርን ደግሞ በውስጡ ስንት ሐረገ ነገር፣ ማለትም ባለቤትና ግስ ያለው ስንት ክፍል እንዳለ አይተን መክፈል እንችላለን።

ነጠላ ዓረፍተ ነገር አንድ ክፍል ብቻ አለው፦ «ጫልቱ ፒክድ ዘ ኮፊ» (ጫልቱ ቡናውን ለቀመች)። ርዝመት ነጠላነቱን አይለውጠውም። «ጫልቱ ፒክድ ዘ ሬድ ኮፊ ኢን ዘ ሞርኒንግ ዊዝ ሀር ሲስተር» ብንልም ግሱ አንድ ስለሆነ ነጠላ ነው።

ድርብ ዓረፍተ ነገር እኩል የሆኑ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ክፍሎች በአያያዥ ቃል የተጣመሩበት ነው፦ «ጫልቱ ፒክድ ዘ ኮፊ፣ ኤንድ ቶላ ድራይድ ኢት» (ጫልቱ ቡናውን ለቀመች፤ ቶላም አሰጣው)። ዋነኞቹ አያያዦች «ኤንድ»፣ «ባት»፣ «ኦር» እና «ሶ» ናቸው። ሁለቱ ክፍሎች ቢለያዩም እያንዳንዳቸው ለብቻቸው መቆም ይችላሉ።

እዚህ ላይ አማርኛ አንድ ወጥመድ ያስቀምጥብናል። እኛ «ገበያ ሄዶ፣ ፍየል ሸጦ፣ ጨው ገዝቶ ተመለሰ» እንላለን። በዚህ ውስጥ ማሠሪያ አንቀጹ «ተመለሰ» ብቻ ነው፤ የቀሩት ተንጠልጥለው እርሱን ይጠብቃሉ። ልጆቹ ይህን «ሂ ዌንት ቱ ማርኬት፣ ሂ ሶልድ ኤ ጎት፣ ሂ ቦት ሶልት፣ ሂ ሪተርንድ» ብለው በነጠላ ሰረዝ ብቻ ያያይዙታል። በእንግሊዝኛ ግን እያንዳንዱ ግስ ራሱን የቻለ ማሠሪያ ስለሆነ፣ ወይ በአራት ነጥብ መለያየት፣ ወይ የጋራ ባለቤት ሰጥቶ ከመጨረሻው በፊት «ኤንድ» ማግባት ያስፈልጋል፦ «ሂ ዌንት ቱ ማርኬት፣ ሶልድ ኤ ጎት፣ ቦት ሶልት፣ ኤንድ ሪተርንድ»።

ውስብስብ ዓረፍተ ነገር አንድ ዋና ክፍልና ቢያንስ አንድ ጥገኛ ክፍል አለው፦ «ዌን ዘ ሬይን ስቶፕድ፣ ጫልቱ ፒክድ ዘ ኮፊ» (ዝናቡ ሲያቆም ጫልቱ ቡናውን ለቀመች)። አማርኛ ጥገኝነቱን በግሱ ላይ ይጽፈዋል፤ «ሲያቆም»፣ «ስላቆመ»፣ «ካቆመ» እያለ። ስለዚህ «ዝናቡ ስላቆመ» ብሎ ዝም ያለ ሰው ነገሩን እንዳልጨረሰ ማንም ያውቃል። በእንግሊዝኛ ግን ግሱ አይለወጥም። «ቢኮዝ ዘ ሬይን ስቶፕድ» በሚለው ውስጥ «ዘ ሬይን ስቶፕድ» ሙሉ ይመስላል፤ ጥገኛ ያደረገችው በፊቱ ያለችው «ቢኮዝ» ናት። ተማሪዎች ይህን ጻፉና አራት ነጥብ አስቀመጡ። እንዲህ ያለው ጅምር እንጂ ዓረፍተ ነገር አይደለም።

ስምን የሚገልጥ ጥገኛ ክፍልም አለ። አማርኛ «ፍየሉን የሸጠው ሰው» ብሎ ገላጩን ከስሙ በፊት ያስቀድማል። እንግሊዝኛ «ዘ ማን ሁ ሶልድ ዘ ጎት» ብሎ ከስሙ በኋላ ያመጣዋል። ኦሮምኛም «ነሚቺ ከን ሬኤ ጉርጉሬ» ሲል ሰውየው ይቀድምና ገላጩ ይከተላል። እንግዲህ በዚህ በኩል የሻኪሶ ልጅ በአማርኛ ብቻ ካደገው ልጅ ይልቅ ለእንግሊዝኛ ይቀርባል። ይህን ስንነግራቸው በክፍሉ ውስጥ የታየው ደስታ ትልቅ ነበር። የቤታቸው ቋንቋ እንቅፋት ነው ሲባል እንጂ መርጃ ነው ሲባል ሰምተው የሚያውቁ አይመስሉም ነበር።

ድርብ ውስብስብ የሚባለው ሁለቱን ያጣመረ ነው፦ «ዌን ዘ ሬይን ስቶፕድ፣ ጫልቱ ፒክድ ዘ ኮፊ፣ ኤንድ ቶላ ድራይድ ኢት»።

ረ. ስለ «አንለስ»

ይህ ሁሉ ለፈተና ብቻ የሚጠቅም የሚመስለው ቢኖር አንድ ነገር እናጫውተው። ከጎረቤቶቻችን የአንዱ ልጅ፣ አሥረኛ ክፍል የጨረሰ ወጣት፣ አንድ ሥራ አግኝቶ በእንግሊዝኛ በተጻፈ ውል ላይ ፈርሞ ነበር። በውሉ ውስጥ እንዲህ የሚል ነበረበት፦ «ዘ ወርከር ዊል ቢ ፔይድ ኢን ፉል አንለስ ሂ ሊቭስ ቢፎር ዘ ኤንድ ኦፍ ዘ መንዝ»። ወጣቱ ቃላቱን አንድ በአንድ ያውቃቸዋል። «ሙሉ ይከፈለዋል፤ ወሩ ሳያልቅ ቢሄድም» የሚል መስሎት በሃያ ስድስተኛው ቀን ለዘመድ ሠርግ ሄደ። ሲመለስ ሙሉ ደመወዙን አላገኘም። ውሉን ይዞ ወደ እኛ መጣ። የዓረፍተ ነገሩ ትርጉም «ወሩ ሳያልቅ ሥራውን ካልተወ በቀር ሙሉ ይከፈለዋል» የሚል ነበር።

ወጣቱን ያሳሳተው የቃል ድህነት አልነበረም። በቋንቋዎቻችን ቁርጡ ነገር የሚመጣው ከመጨረሻ ነው፤ ሰሚ ማሠሪያውን ሳይሰማ አይፈርድም። እንግሊዝኛ ግን ፍርዱን አስቀድሞ ተናግሮ፣ ፍርዱን የሚያፈርሰውን ሁኔታ እንደ ጭራ ሊያስከትል ይችላል። ወጣቱ «ዊል ቢ ፔይድ ኢን ፉል» የሚለውን ሲያነብ ነገሩ ያለቀ መሰለው፤ የቀረው ዝርዝር ሆኖ ታየው። ነገር ግን «አንለስ» የምትለዋ አንዲት ቃል ከበስተኋላው ያለውን ሁሉ ከፊቱ ካለው ጋር አስራው ነበር።

በማግስቱ ዓረፍተ ነገሩን በሰሌዳ ጻፍነው። ልጆቹም ዋናውን ክፍል በአንድ መስመር፣ ጥገኛውን በሁለት መስመር አሰመሩበት። ከዚያ «ን»ን የጠየቀችን ልጅ ተነሥታ ጥገኛውን ወደ ፊት አምጥታ በአማርኛም በኦሮምኛም ተረጐመችው። ወጣቱም ከኋላ ተቀምጦ ነበርና «ይህን ከመፈረሜ በፊት ብትነግሩኝ ምናለ» አለ። ሁላችንም ዝም አልን፤ የሚመለስ መልስ አልነበረንምና።

ሰ. የአነባበብ ዘዴና መልመጃ

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለልጆቹ የሰጠናቸው ዘዴ አምስት ደረጃ ያለው ነው። ለማንኛውም የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ያገለግላል።

1. በመጀመሪያ ግሶቹን ፈልግና ክበባቸው።
2. ለእያንዳንዱ ግስ «ማን?» ብለህ ባለቤቱን ፈልግ።
3. «ዌን»፣ «ኢፍ»፣ «ቢኮዝ»፣ «ሁ»፣ «አንለስ» እና የመሳሰሉትን አስምርባቸው፤ ከእነሱ ጋር ያለው ክፍል ጥገኛ ነው።
4. የቀረው ዋናው ክፍል ነው፤ መጀመሪያ እርሱን ብቻ ተርጉም።
5. በመጨረሻ ጥገኛውን ጨምርና የዋናውን ነገር ይለውጠው እንደ ሆነ ጠይቅ።

አንባቢም ራሱን ይፈትን ዘንድ የሚከተሉትን በተግባርና በአሠራር ይለይ።

(1) «ዘ ባስ ፍሮም ነገሌ ኢዝ ሌት»።
(2) «ዌር ዲድ ዘ ዶንኪ ጎ?»
(3) «ብሪንግ ዘ ቡክስ፣ ባት ሊቭ ዘ ፔንስ»።
(4) «ዘ ገርል ሁ አስክድ ዘ ክዌስችን ኢዝ ፍሮም ሻኪሶ»።
(5) «ዋት ኤ ኮልድ ሞርኒንግ ኢት ኢዝ!»
(6) «ኢፍ ዘ ሮድ ኢዝ ድራይ፣ ዊ ዊል ጎ ቱ አዶላ፣ ኤንድ ቶላ ዊል ስቴይ ሂር»።

መልሱ ይህ ነው። አንደኛው ሐተታዊና ነጠላ፤ ሁለተኛው መጠይቃዊና ነጠላ፤ ሦስተኛው ትእዛዛዊና ድርብ፤ አራተኛው ሐተታዊና ውስብስብ፤ አምስተኛው አጋናኝና ነጠላ፤ ስድስተኛው ሐተታዊና ድርብ ውስብስብ ነው። በአራተኛው ዋናው ግስ «አስክድ» ነው ያለ ሰው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ደረጃ ደግሞ ይመልከት፤ ዋናው ግስ «ኢዝ» ነው።

በመጨረሻም ለመሰሎቻችን አንድ ነገር ማሳሰብ እንወዳለን። በክረምት ወደ ቤታችን ስንሄድ ከዩኒቨርሲቲ የያዝነውን ትልልቅ ስም ይዘን በታናናሾቻችን ፊት መቆም ቀላል ነው። የሚሻለው ግን ልጁ ከቤቱ ይዞት የመጣውን ቋንቋ መጠየቅና ከዚያ መነሣት ነው። እኛ ይህን የተረዳነው ዘግይተን፣ ያውም በአንዲት የስምንተኛ ክፍል ልጅ ጥያቄ ነው። በሚቀጥለው ክረምት ወደ ሻኪሶ ስንመለስ ትምህርቱን የምንጀምረው በአራቱ ስሞች ሳይሆን በ«ቶላን» ይሆናል። ውል ይዞ የሚመጣ ሰው ካለም ከመፈረሙ በፊት እንድናነብለት ከወዲሁ አስታውቀናል።